ቁልፉ ከታችኞቹ ጋር ነው

ለውድ ባለቤቴ ለዘነቡ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ይባላል። ላንቺ ይህን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ያለሽበት አገር ሕመም የለበትም ይላሉ አባቶች፤ እኔም ይህንኑ አምኜ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ጤናሽን ሳልጠይቅ ወሬዬን ልጀምር።

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ደጅ ላይ ነው። ቤታችን ደኅና ነው። ልጃችን ዓለም ጎብዬ ከተማ ተድራለች፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፣ ዝምተኛ፣ ደግ ልጅ። ሲሳይ ቆቦ እየተመላለሰ ይማራል። ድምፁ ወፍሯል፤ ሲስቅ ግን ያንቺው ሳቅ ነው፣ ከጓሮ ስሰማው ቀና እላለሁ። ዶሮዎችሽን ሸለምጥማጥ ጨረሳቸው፤ ስለ እነሱ ይቅር በይኝ። በር ላይ ያለችውን ቁርቁራ «እንዳትቆርጣት» ብለሽኝ ነበር፤ አልቆረጥኳትም። የሚካኤልን ማኅበር ተራሽን ይዤልሻለሁ። ጠላውን ራሴ ጠመቅሁት። ቄሱ አንዴ ጎንጨት አድርገው ፊታቸው ጭምድድ አለና «እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉ፤ ሁለተኛ ግን አላስቀዱም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ይጠምቅልኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጠላ አይደለም። አንድ ሰው መጥቶ ሄደብን፤ ስለ እሱ አብሬው የማወራው ሰው አጥቼ ነው። ከሰው ጋር ሳወራው ወይ ውዳሴ ይሆንብኛል፣ ወይ ሐሜት። ከአንቺ ጋር ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ማውራት ይቻል ነበር።

አዲስ አስተዳዳሪ ነው የተሾመልን። እንደ ሌሎቹ ጂፕ ውስጥ ተቀምጦ «ጓዶች» እያለ የሚያልፍ መስሎን ነበር። እሱ በማግስቱ ሱሪውን ጠቅልሎ ወንዙ ውስጥ ተገኘ። ሕዝቡ ወዲያው ስም አወጣለት፤ «አባ ቶሎ» አሉት። ሲራመድም ቶሎ፣ ሲቆጣም ቶሎ፣ ሲበርድለትም ቶሎ። ቆሞ የከረመው ወፍጮ ተነሳ። ዘሩ ከዝናቡ ቀድሞ መጣ፤ በዕድሜዬ ይህን አይቼ አላውቅም። ገበያ ላይ ከብት መንዳት ልማዱ የነበረ ሌባ ሁሉ አደብ ገዛ። ቄሱ በቦይ ቁፋሮ ቀን ጸሎት ስላስረዘሙ ካድሬዎቹ ሲከሷቸው እሱ «አሳጥሩት እንጂ አትተዉት፤ ዝናብ እኛም እንፈልጋለን» ብሎ አሳቃቸው።

ዘነቡ፣ በየዓመቱ ጎርፍ ጠርጎ የሚወስደውን የድንጋይና የእሾኽ ግድባችንን ታስታውሻለሽ። አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሱን ሲያቆሙ፣ እሱ ሲፈርስ ኖሩ። ይህ ሰው ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ አመጣና አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ማሳው ከላይ ላለው ለአያ ሞላ አስያዘ። በቱቦው ሁለት ጫፍ ውሃው እኩል ቆመ። «እዩ፤ ውሃ አይዋሽም። ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ራሱን እንጠይቀው» አለ። እንዲህ እያለ ሜዳውን በሙሉ ለካው። ከዚያ ድንጋይ በሽቦ አሳሰረ፤ ሲሚንቶ አስጫነ፤ ቦዩ ሁለት ቦታ ከሚከፈልበት ላይ መዘውር ያለው የብረት በር ተከለ። በሩ ሲከፈት ውሃው ወደ እኛ ወደ ላይኞቹ ማሳ ይገባል፤ ሲዘጋ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ያን የሚያክል ጎርፍ አንድ ሰው በእጁ ሲያዞረው ሳይ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ያወለቅሁት ለእግዚአብሔር ይሁን ለሰውዬው እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ሰውን ማድነቅ መጠን ሲያልፍ ምን ይባላል? ጎልማሶች ለሚሊሺያ የተጠሩ ዕለትም እኮ መኪናው በሰዓቱ ነው የመጣው። እናቶች ስንቅ ቋጥረው ሳይጨርሱ ሞተሩ ይንተከተክ ነበር። ያን ቀን ስለ ሰዓት ማክበር ያለኝ ሐሳብ ትንሽ ተናጋ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

የመጀመሪያው ጎርፍ የታችኞቹ ነው። ይህን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ያደግሽበት ነው። ክረምቱ ሲጀምር ላይ ያለ ሰው የቦዩን አፍ በራሱ እጅ በእሾኽና በአፈር ይዘጋል። የውሃ አባት የሆነው ሰው ጫማውን አውልቆ በትሩን ይዞ ከጎርፉ ፊት ፊት እስከ መጨረሻው ማሳ ይሄዳል፤ ታች ያሉት ወተት ይዘው ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚያዘው። ለምን እንዲህ እንደሆነ አባትሽን ጠይቄያቸው፣ «ለምን የሚል ሰው እንዳይኖር ነው» አሉኝ። ጉልበታቸው ሲደክም ሽማግሎቹ የውሃ አባቱን በትር ለእኔ ሰጡኝ። ላንቺ ብለው ነው እንጂ ለእኔስ ብለው አይደለም።

አንድ ዓመት አብረሽኝ ሄድሽ፤ ሲሳይን እርጉዝ ነበርሽ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለችን፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ያ ድምፅ ከምዕራብ ተራሮች መጣ። ሩቅ ደጋ ላይ ያልሰማነው ዝናብ ዘንቦ ኖሯል። የጎርፉ ግንባር አረፋና የፅድ ቅርንጫፍ ተሸክሞ፣ የማናውቀውን አገር አፈር ይዞ፣ የተሰነጠቀውን ቦይ እየሞላ እግራችንን ተከተለን። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ቆምሽና «ይሄን ሁሉ ማን ጠርቶት ነው የሚመጣው?» አልሽ።   ዳዊት ስደግም «ቀላይ ቀላይን ትጠራለች» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ያንቺ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

ታችኞቹ ዛሬም ጥቂት ቤቶች ናቸው፤ ከዞብል ተራራ ግርጌ። አያቶቻቸው ከአፋር ወጥተው እዚያው ቀሩ፤ ቤታቸው ውስጥ አፋርኛም ኦሮምኛም ይነጋገራሉ፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይቀልዳሉ። ማሽላ ይዘራሉ፤ ሣር ሲያልቅ ግማሹ ከብቱን ይዞ ወደ በረሃ ይወርዳል። በዚህ የተነሳ የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት «ዘላን» ብሎ ገበሬ ማኅበር ውስጥ አላስገባቸውም። ይህ ነገር በሩ እስኪተከል ድረስ ምንም ሳይጎዳቸው ኖረ፤ ወይም ለእኛ አልታየንም።

አስተዳዳሪው በሩን ከተከለ በኋላ ሰበሰበንና በእግሩ መሬቱን ጭሮ ትንሽ ቦይ አወጣ። አንድ ጣሳ ውሃ ከላይ አፈሰሰ። ውሃው ሳይደርስ አሸዋው ጠጥቶ ጨረሰው። «አያችሁ? የመጀመሪያው ጎርፍ ታች እስኪደርስ ግማሹን አሸዋ ይጠጣዋል። ላይ ብናስቀረው ብዙ ማሽላ ነው፤ ለእነሱም ከምርቱ ይሰፈርላቸዋል። ከእንግዲህ የመጀመሪያው ጎርፍ ለላይኞቹ ይሁን። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ ታወጣላችሁ» አለ። ልክ ነበር። አልዋሽሽም፤ ልክ ነበር። የእኔም ማሳ ላይ ነው ያለው። ቤቴ ስገባ ግን ጥሩ ወሬ ሰምቶ የገባ ሰው አልመሰልኩም።

በማግስቱ ፋጡማ መጣች። ያንቺዋ ፋጡማ፣ የታችኞቹ ሴት፣ ሲሳይን ወልደሽ ወተትሽ ሲነጥፍ ከገዛ ልጇ ከፍላ ያጠባችልን። በር ላይ ሳስቆማት፣ «ዘነቡ ብትኖር ይሄኔ ውስጥ ነበርኩ። አንተ እንደ ኬላ ጠባቂ ትገትረኛለህ» አለችኝ። አፍሬ አስገባኋት። የተቀመጠችው አንቺ ትቀመጪባት በነበረችው በርጩማ ላይ ነው። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንዲህ አለች፤ «አበራ፣ ጡቴን ላስቆጥርህ አልመጣሁም። ልጅህን ያጠባሁት ለአላህ ብዬ ነው፤ ተከፍሎኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ያ ውሃ የኛ ነው ወይስ የናንተ ደግነት ነው? የኛ ከሆነ አትንኩብን። ደግነታችሁ ከሆነ ደግሞ ወላሂ አልቀየምም፤ ዛሬውኑ ንገረኝና ግመሌን ልጫን። የተሰፈረልኝን እህል ቆሜ እየጠበቅሁ ልጆቼን አላሳድግም።»

 መልሴን ሳትጠብቅ «ሲሳይን ሳምልኝ አልልህም፣ አድጓል፤ ኮርኩምልኝ» ብላ ሄደች።

ዘነቡ፣ ከዚያ እስከ ስብሰባው ድረስ ራሴን ስበረብር ከረምኩ። ለእነሱ ብናገር ስለ ፋጡማ ጡት ነው? እንደዚያ ከሆነ ውለታ መመለስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ልጃችንን ያላጠባች ሌላ ምስኪን ብትሆን ኖሮስ? ዝም ብልስ አስተዳዳሪውን ስለማምነው ነው ወይስ ማሳዬ ላይ ስላለ? ሰውዬውን በእውነት እወደው ነበር። ከእሱ በፊት የመጡት ዘርፈውን ሄዱ፤ እሱ ግን ሲሚንቶ ተሸክሟል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «ይህ ግን አይሆንም» ማለት ክፉ ሰው ፊት ከማለት ይከብዳል። ለክፉ ሰው ቢያንስ ልብሽ ይደፍራል።

ስብሰባው ዋርካው ሥር ነበር። የገበሬ ማኅበሩ አባላት ጥላው ውስጥ ተቀመጥን። ታችኞቹ አባል ስላልሆኑ ከጥላው ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ፋጡማ ነጠላዋን በራሷ ላይ ደርባለች፤ ባሏ ሁመድ በትሩን አገጩ ሥር ተክሏል። አስተዳዳሪው አስረዳ፤ እንደ ልማዱ ጥሩ አድርጎ። «የምትደግፉ» አለ። እጆች ወጡ። ዋርካው ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣ መሰለኝ፤ ያን ያህል ብዙ ነበር። እኔ ቆምኩ። አያ ሞላ ከኋላዬ፣ «ተዉት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ዝም ብሎ ይቆማል» አለ። ሰዉ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ እንዲያ አደርጋለሁ።

ምን እንደምናገር አላሰብኩም ነበር። አፌ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ልጆቻችን በጥንቅሽ ሲጣሉ የምታደርጊውን ነገርኳቸው። አንዷን ጥንቅሽ ለዓለም ትሰጪና «አንቺ ስበሪው፤ ሲሳይ ቀድሞ ያንሣ» ትያት ነበር። «ሰባሪው በኋላ ያነሳል።» ዓለም በጣቷ እየለካች፣ ከብርሃን አንጻር እያየች፣ አልቧት አልቧት፣ አንድ አንጓ ሳታበላልጥ ትሰብረዋለች። ዳኛ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። «አሁን ግን ሰባሪውም እኛ፣ ቀድሞ አንሺውም እኛ ሆንን» አልኳቸው። «ብዙ ነን፤ እጃችን ብዙ ነው፤ ውሃውም የሚያልፈው በእኛ በኩል ነው። እነሱ ምን ይያዙ? ቢያንስ የመጀመሪያው ጎርፍ እስኪደርሳቸው በሩ ተቆልፎ ይቆይ፤ ቁልፉንም እነሱ ይያዙት።»

«ቁልፉን ሰጥተን እኛ ዝናብ ልንለምናቸው ነው?» አለ አያ ሞላ። እንደገና ሳቁ። አስተዳዳሪው አልሳቀም። «ምርት ይቀንሳል» አለኝ። «አዎ፣ ይቀንሳል» አልኩት። «ይህን እያወቅህ?» «እያወቅሁ።» «ይህን ሐሳብ ማን ነገረህ?» «ሚስቴ።» «የት ናት?» ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በእጄ አሳየሁት። መቃብር መሆኑን ሲያይ ቆቡን አነሳ።

ከዚያ ያ አባ ቶሎ የተባለ ሰው ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆመ። እንዲያ ሲዘገይ አይተነው አናውቅም። በመጨረሻ ወደ ፀሐዩ ዞረና ታችኞቹን «ኑ፣ ወደ ጥላው ግቡ» አላቸው። «ጠጋ ጠጋ በሉላቸው» አለን። ተጠጋጋን። እዚያው እንደቆመ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ሁሉንም አባል አደረጋቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «እንግዲህ እንደገና እጅ ይውጣ?» ሲል፣ «አይሆንም። አሁንም ብዙዎቹ እናንተ ናችሁ። ይህ እጅ የሚወጣበት ጉዳይ አይደለም» አለና የጓጉንቸሩን ቁልፍ ሁመድ እጅ ላይ አኖረው። ሁመድ ቁልፉን ገልብጦ አየውና ለፋጡማ አቀበላት። «እኔ እጥለዋለሁ» አለ።

የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሰዉ ሲበተን ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ከአባትሽ አያት ጀምሮ የነበረን ነገር አንድ ሰው በጣሳ ውሃ ሊያስቀረው ነበር፤ ያው ሰው በብዕር መለሰው። ብልህ ስለነበረ መለሰው። ሰምቶ የሚያስብ ሰው ስለነበረ መለሰው። ባይሆንስ? ፋጡማ የጠየቀችኝ ጥያቄ አልተመለሰም ነበር፤ ደግነቱ ከእኛ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ዞረ እንጂ።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ጎርፍ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰማዩ አብረሽኝ እንደሄድሽበት ጊዜ ጠርቶ። በትሬን ይዤ ስወርድ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። አስተዳዳሪው ነው። እግሬን አየና እሱም ጫማውን አውልቆ በገመዱ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። የለሰለሰ እግር ነው፤ እሾኹ ሲወጋው እየዘለለ ከእኔ እኩል ሄደ። ውሃው ከኋላችን እየተንፏቀቀ፣ ስንጥቁን ሲሞላ እንደ ሰው እያቃሰተ ተከተለን። ይህ ሁሉን የለካ ሰው ዞር ብሎ አየውና «እኔ የማስበው ስለ ውሃው መጠን ነበር» አለኝ።  ታች ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። ፋጡማ ወተት ሰጠችው፤ ጠጥቶ አረፋው ጢሙ ላይ ቀረ፤ ማንም አልነገረውም።

ማሳቸው ሲጠግብ ፋጡማ ቁልፏን ይዛ ሽቅብ ሮጠች። አያ ሞላ በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ውሃው አለቀ!» ሲላት፣ «ወንድሜ ሞላ፣ እኔን ዓመት ሙሉ ልታስጠብቀኝ አልነበረም? ትንሽ ብትጠብቅ ምን አለበት!» ብላ ከፈተችለት። ያን ዓመት እኛ ላይ ያለነው ልናገኝ እንችል ከነበረው ያነሰ ወቃን። የሰውዬው ስሌት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ታችኞቹ ግን የራሳቸውን ማሽላ በራሳቸው አውድማ ወቁ። ግመላቸው ሳይጫን ከረመ።

ከዚያ አስተዳዳሪው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሲሄድ ብዙ ሰው አለቀሰ፤ እኔም አልቅሻለሁ። መኪናው ላይ ሳይወጣ ጠራኝና «ከእኔ በኋላ የሚመጣው እንደኔ ጫማውን ላያወልቅ ይችላል» አለኝ። ያለው ይኸው ብቻ ነው። እንግዲህ ልንገርሽ፤ በሕይወቴ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም፤ እንደሱ ያለ ሰው ላይ ተስፋዬን ጥዬ መኖር ግን አልፈልግም። ሁለቱም እውነት አንድ ልብ ውስጥ ይገባሉ፤ አይጣሉም።

የፈራነው አልዘገየም። ባለፈው ሳምንት ሊቀ መንበሩ መጥቶ፣ «ከጽሕፈት ቤት ታዟል። የበሩ ቁልፍ ይመለስ። ዘላኖቹም ከአባልነት ይሰረዛሉ ተብሏል። አበራ፣ ወርደህ አምጣ» አለኝ። ዋርካው ሥር ብዙ ሰው ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ቆምኩ።  ያን ጊዜ የተናገረው ማን መሰለሽ? አያ ሞላ። ጥንቅሽ እያኘከ፣ ምጣጩን ትፍ አድርጎ፣ «ቁልፉማ ከታችኞቹ ጋር ነው» አለ። «እሱን አውቃለሁ፤ ይምጣ ነው የምልህ» አለ ሊቀ መንበሩ። «አይመጣም። ያ እኮ የዘነቡ ፍርድ ነው። የኔ ልጆች እንኳ አሁን በሱ ነው የሚዳኙት፤ ሰባሪው በኋላ ያነሳል። ጽሕፈት ቤቱ ቅር ካለው ይሄው ቤተ ክርስቲያኑ፤ ሄዶ እሷን ይጠይቃት!»

ሰዉ ሳቀ፤ በዚህኛው ግን እኔ ላይ አይደለም። ቀስ በቀስ ያኔ እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ከአያ ሞላ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ሁሉም አይደሉም። ግን በቂ ነበሩ። ሊቀ መንበሩም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ከብቱ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው፤ «እንግዲህ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ሄደ። ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ሊያስሩንም ይችላሉ። ቁልፉ ግን ዛሬ ማታ ፋጡማ አንገት ላይ ነው፤ በቆዳ ጠፍር አስራዋለች። ለጥያቄዋም አሁን መልስ አለኝ፤ ነገ ወርጄ «ውሃው የናንተ ነው» እላታለሁ። ፍርዱ ያንቺ ስም አለው፤ ማንም ተሿሚ ስላልሰጠው ማንም ተሿሚ ሊወስደው ይከብደዋል።

በሕይወት ሳለሽ ከቤታችን ደጃፍ ያለፈ ቃል የተናገርሽ አይመስለኝም ነበር። አንድ የልጆች ጠብ ለመገላገል ያልሽው ነገር እንዲህ ሜዳ ሙሉ ሰው የሚያቆም ሆነ። ይህን ሳስብ ያ ጎርፍ ነው ትዝ የሚለኝ። ሰማይ ጠርቶ እያለ፣ ማንም ሳያየው ሩቅ ቦታ የዘነበ ነገር፣ ሲደርስ አገር ያርሳል። ማን ጠርቶት ነው የሚመጣው?

ከምዕራብ ተራሮች ላይ ዛሬ ጥቁረት አለ። አንድ ቀን የጎርፉን ድምፅ ስሰማ ጫማዬን አወልቃለሁ። ቦዩ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ጥግ ይዞ የሚያልፍበትን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ከቅጥሩ ወዲያ ነሽ። እዚያ ስደርስ በትሬን አንድ ጊዜ መሬት ላይ አኖራለሁ፤ ከኋላዬ ውሃው እየመጣም ቢሆን ስምሽን ሳልጠራ አላልፍም። ጉልበቴ እስኪከዳኝ በየዓመቱ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ሲከዳኝም ሲሳይ በትሩን ይይዛል፤ የት ቆሞ ማንን መጥራት እንዳለበት አሳይቼዋለሁ።

ያንቺው አበራ